ስልኩን ማን ያነሳል?

ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ እሑድ ከሰዓት። አንደኛው ብዙ ዘመን የሬዲዮ ድራማ የጻፈ ሰው ነው። ሁለተኛዋ የእህቱ ልጅ ናት፤ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ትሠራለች። የታሸገ ውኃ የሚያመርት ደንበኛ «እስካሁን ያልታየ ነገር አምጡልኝ» ብሏታል። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ሳልጨርስ እንዳይፈርዱብኝ። ቢልቦርድ የለም፣ የቴሌቪዥን ስፖት የለም። ሰኞ ጠዋት ፔፕሲ ጋ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ «አፋልጉኝ» ያያል። የወጣት ሴት ፎቶ ነው፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የደወለ ሰው የእናቷን ድምፅ ይሰማል። እናትየው ቴሌግራም ቻናል ትጠቁመዋለች፤ ቻናሉ ላይ የልጅቷ ማስታወሻ ደብተር በየገጹ ፎቶ ተነሥቶ ተለጥፏል፤ በየገጹ ምስጢር አለ። ምስጢሩን የፈታ ወደ ፊጋ፣ ወደ ጎሮ፣ ወደ አያት ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ትገኛለች፤ በእጇ አዲሱ ውኃ።

ደራሲው፦ ውኃውን ለጊዜው ተይው። አፋልጉኙን ግን ቅደጂው።

ልጅቱ፦ እንዴ! ሰው የሚቆምለት ወረቀት እኮ እሱ ብቻ ነው።

ደራሲው፦ ስለሚቆምለት ነው ቅደጂው የምልሽ። በዚህ ከተማ ሰው አፋልጉኝ የሚያነበው ሊዝናና አይደለም። ሽማግሌ አባቱ ከቤት እንደወጡ የቀሩበት አለ፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ያልተመለሰላት አለች። መንገደኛው ቆሞ ፊቱን በልቡ ይዞ የሚሄደው «ነግ በኔ» ብሎ ነው። ያንቺ ወረቀት የውኃ ማስታወቂያ መሆኑ በታወቀ ማግስት፣ ከጎኑ የተለጠፈውን የእውነተኛዋን እናት ወረቀት ማን ያነበዋል?

ልጅቱ፦ አሜሪካኖች ግን አድርገውታል። በ1999 እ.ኤ.አ. «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ሲወጣ ሦስቱ ተዋንያን ጫካ ገብተው እንደጠፉ የሚተርክ ድረ ገጽ ነበረው። የአፋልጉኝ ወረቀትም በትነዋል። በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር የተቀረጸ ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

ደራሲው፦ የአንዷ ተዋናይት እናት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል ካርድ ይደርሳቸው እንደነበርስ ሰምተሻል? ልጃቸው ቤቷ ተቀምጣ። ገንዘቡን ለቆጠረው ሰው ድንቅ ዘዴ ነው። እኔን ስለ እናትየው ጠይቂኝ።

ልጅቱ፦ እሺ፣ በሩን እንቀይረው። ቢሆንም የዚህ ዓይነት ጨዋታ በር ያስፈልገዋል፤ «ኑ ተጫወቱ» ብሎ አይጠራም። የመጀመሪያው ትልቁ በ2001 እ.ኤ.አ. ለስቲቨን ስፒልበርግ «ኤ.አይ.» ፊልም የተሠራው ነው። ጆርዳን ዋይዝማን፣ ኢላን ሊ እና ደራሲው ሾን ስቱዋርት ማይክሮሶፍት ውስጥ ሆነው ሠሩት። የፊልሙ ማስተዋወቂያ ላይ ከባለሙያዎቹ ስም መካከል ጃኒን ሳላ የምትባል ሴት ተጽፋለች፤ ሙያዋ የሚያስቡ ማሽኖችን ማከም ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም ደግሞ የለም። ስሟን ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው 2142 እ.ኤ.አ. ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ኢቫን ቻን የሚባል ሰው ሞቷል፤ አሟሟቱ ደግሞ ያጠራጥራል።

ደራሲው፦ ይኼ በር ነው። ልብ ያላለው ያልፈዋል፤ ባለማወቁ ምንም አይጎዳም። ልብ ያለው ገፋ አድርጎ ይገባል። አፋልጉኝ ግን የገባውንም ያለፈውንም ያደማል።

ልጅቱ፦ የገቡት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ልንገርዎት። ክላውድሜከርስ የሚባል ቡድን መሠረቱ፤ ከ7,000 በላይ ሆኑ። አዘጋጆቹ ለወራት ይበቃል ብለው ያከማቹትን እንቆቅልሽ በአንድ ቀን ጠራርገው ፈቱት። ቡድኑ ውስጥ ኮምፒውተር አዋቂ አለ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያነብ አለ፣ የድሮ የክራር ዘመድ የሆነ መሣሪያ ኖታ የሚያውቅ ሳይቀር ተገኝቷል። ከዚያ ወዲያ የነስቱዋርት ሥራ ሌሊት እየጻፉ ከተጫዋቹ መሸሽ ሆነ። የፊልሙ ስም እንኳ ከመካከል ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ኢቫን ቻን ነው።

ደራሲው፦ ሽልማቱ ምን ነበር?

ልጅቱ፦ ምንም።

ደራሲው፦ ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጠያየቅ ያቃተው አገር ይሰጥ ነበር። አንዱ ጎንደርን ይሰጣል፤ ጠያቂው «አልፈልግም፣ ሌላ ጨምር» ይላል፤ ሐረርም ይጨመራል። መልሱን ብዙ ጊዜ ሁላችንም እናውቀው ነበር እኮ! ያመሸነው ለድርድሩ ነው። ወረቀትሽ ላይ ብዙ ምስጢር አያለሁ፤ ድርድር ግን አላየሁም። ተጫዋቹ ይፈታል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ይፈታል። ፈተና ነው የሰጠሽው። ልጅቷ ለምን ከቤት ወጣች? ምን ትፈልጋለች? ተጫዋቹ አንድ ነገር ቢላት ትሰማለች ወይ?

ልጅቱ፦ ለእርስዎ የሚሆነውን አላነሣሁትም። በ2004 እ.ኤ.አ. «ሄይሎ 2» የሚባል የቪዲዮ ጨዋታ ሊወጣ ሲል በማስተዋወቂያው መጨረሻ ላይ አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ገጹ የማር ነጋዴ ነው፤ ግን የተበላሸ ይመስላል፤ ውስጡ የገባ አንዳች ነገር ለመናገር ይታገላል። ኋላ 210 የቦታ መለኪያ ቁጥሮች ከነሰዓታቸው ተለጠፉ። ምን ይደረግባቸው የሚል መመሪያ የለም። ተጫዋቾቹ ተከራክረው ተከራክረው ሄደው ሲያዩ የመንገድ ላይ የሕዝብ ስልኮች አገኙ። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኮቹ መደወል ጀመሩ። ስልኩን አንሥቶ የተጠየቀውን ለመለሰ ሰው የታሪኩ አንድ ቁራጭ ይከፈታል። ቁራጮቹን ሲገጣጥሟቸው ምን ሆኑ መሰለዎት? የሰዓታት ርዝመት ያለው የሬዲዮ ድራማ።

ደራሲው፦ የሬዲዮ ድራማ!

ልጅቱ፦ የሬዲዮ ድራማ፣ ጋሼ። የጻፈውም ያው ሾን ስቱዋርት ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ተጫዋች አውሎ ነፋስ እየመጣ ስልኩ እስኪደውል ቆሞ ጠብቋል።

ደራሲው፦ «ሬዲዮ አልቆለታል» እያሉ ሲሸኙኝ የነበሩት ሁሉ ይኼን በሰሙ። እና ሁሉም ድምፅ የተቀረጸ ነበር?

ልጅቱ፦ አይደለም። አንዳንዴ ተዋናይቷ ራሷ በቀጥታ መስመሩ ላይ ትሆናለች፤ ተጫዋቹ ላለው ነገር እዚያው መልስ ትፈጥራለች። የነገሯት ነገርም በታሪኩ ውስጥ ይዞራል።

ደራሲው፦ ቅናት ያዘኝ። እኛ የነበረን ደብዳቤ ብቻ ነው። «የቀን ቅኝት» ሲተላለፍ ልጅ ነበርሽ። እኔ አልጻፍኩትም፤ የእኔ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያሰማው ነው፤ 257 ክፍል። ማስታወቂያ ነበር ብትይኝ አልከራከርሽም፤ የሚያስተዋውቀው የኤችአይቪ ምርመራንና የቤተሰብ ምጣኔን ነው። ዘዴው ከሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ የመጣ ነው። አንድ ደግ፣ አንድ ክፉ፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ የሚወላውል ሰው ታቆሚያለሽ። አድማጭ የሚከተለው ወላዋዩን ነው፤ ምክንያቱም ገና አልወሰነም። ከ15,000 በላይ ደብዳቤ መጣ። ድርጅቱ ያወጣው ጥናት እንደሚለው ድራማውን የሚሰሙ ወንዶች ከማይሰሙት በአራት እጥፍ፣ ሴቶቹ በሦስት እጥፍ ለመመርመር ሄደዋል።

ልጅቱ፦ ደብዳቤው ግን ታሪኩን አያስቀይረውም።

ደራሲው፦ ታዲያ ምን አልኩሽ፤ ቀናሁ። «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አስታውሺው። አገሩ ሁሉ ይራገመዋል፤ ታክሲ ውስጥ የሚቀጥለው ተንኮሉ ይተነበያል፤ ባልና ሚስት ይወራረዳሉ። ያ ሁሉ ግምት፣ ከደራሲዎቹ የሚበልጥ ግምት ሳይኖርበት አይቀርም፣ የትም ሳይደርስ ተነነ። የሚቀበለው አልነበረም። ያንቺ ዘመን መሣሪያ ያንን መቀበል ይችላል። አንቺ ግን መሣሪያውን ፈተና መስጫ አደረግሽው።

ልጅቱ፦ እርስዎ ስለ ታሪክ ሲያወሩ ደስ ይላል። እኔ ግን 2016 ላይ የዚህን ሰፈር ልጆች አይቻለሁ። ሃምስተር ኮምባት! ካፌው፣ ታክሲው፣ ደረጃው ሁሉ ስልኩን ይጠቀጥቃል። በየቀኑ በሞርስ ኮድ የተደበቀ ቃል አለ፤ በየቀኑ ሦስት ካርድ የሚገጣጠምበት ኮምቦ አለ። መልሱ በአማርኛ ቻናሎች ላይ ጠዋት ይለጠፋል። ምን ታሪክ አለው? አይጧ የክሪፕቶ መገበያያ ሥራ አስኪያጅ ነች፤ አለቀ። ሰው ግን ወራት ሙሉ ሠራበት፤ ገንዘብ ይሆናል ብሎ። መስከረም 2017 ላይ ሳንቲሙ ሲከፈል ብዙው የጠበቀውን አላገኘም። ስለዚህ ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ዳታ በገንዘብ ነው፣ ታክሲ በገንዘብ ነው፤ አንድ ልጅ ለሰው ውኃ ማስታወቂያ ለምን በነፃ ይደክማል? «በጉልበቴ ነገዳችሁ» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? ደንበኛዬም ያለው ይኼንኑ ነው፤ «ሽልማቱ ትልቅ ይሁን።»

ደራሲው፦ ጥያቄሽ እውነት ነው። እኔ የሚያሰጋኝ፣ ሽልማት ሲገባ የፈታው ሰው ዝም ይላል። ክላውድሜከርሶች መልሱን ለሁሉ የሚያወጡት የሚነጠቁት ነገር ስላልነበረ ነው።

ልጅቱ፦ «ፐርፕሌክስ ሲቲ» ግን 100,000 ፓውንድ ነበረው። የተቀበረ ዕቃ ፍለጋ ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ዋከርሊ ከሚባል ጫካ ተቆፍሮ ወጣ። እዚያም እኮ ሰዎች ይረዳዱ ነበር።

ደራሲው፦ ጥሩ፣ ዝም አሰኝተሽኛል። ሌላ ልጨምርልሽ ታዲያ። ይኼ የታክሲ ፌርማታችን ስም ነው ያስታወሰኝ፤ ከእኛ ፋብሪካ ጋር ምንም አያገናኘውም። በ1992 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ፔፕሲ ቆርኪ ውስጥ ቁጥር አሳትሞ ነበር። አሸናፊው ቁጥር 1 ሚሊዮን ፔሶ ያገኛል። አንድ ማታ 349 ተባለ። 349 ያለባቸው ቆርኪዎች ግን ወደ 800,000 ይጠጉ ነበር።

ልጅቱ፦ ኧረ!

ደራሲው፦ ኩባንያው ስሕተት ነው ብሎ በየሰው 500 ፔሶ አቀረበ። ብዙው ተቀበለ። ያልተቀበለው አደባባይ ወጣ፤ የኩባንያው መኪኖች ተቃጠሉ፣ ቦምብ ተወረወረ፣ ሰው ሞተ። ለኩባንያው የኮምፒውተር ስሕተት ነው። ቆርኪውን ይዛ ማታውን ቤት ስትሠራበት ላደረች ሴት ግን የተገባ ቃል ነው። ቁጥር ብቻ ስትሰጪው ታሪኩን ሰው ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ በቸገረው ነገር ነው።

ልጅቱ፦ እዚህማ ዕጣ ካለ ብሔራዊ ሎተሪ ሳይፈቅድ አይሆንም። እንደዚያም ሆኖ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የማስታወቂያ አዋጁ፣ 759/2004፣ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ይፈልጋል። የእነዚህ ጨዋታዎች መፈክር ደግሞ «ይኼ ጨዋታ አይደለም» ነው። ሳልዋሽ እንዴት እደብቃለሁ? ነገ ደግሞ አንድ የቢራ ድርጅት ይመጣል። ከ2011 ወዲህ ቢራ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይተዋወቅም፤ «ታሪክ ውስጥ ሸሽገሽ አሳልፊልኝ» ቢለኝስ?

ደራሲው፦ ለቢራው እኔን አትጥሪኝ። ስለ መደበቁ ግን፣ ማን እንደከፈለ መደበቅና ምን እንደሚሆን መደበቅ ለየቅል ናቸው። ቴአትር ቤት የገባ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ መድረክ መሆኑን እያወቀ ያለቅሳል። ቻናልሽ አናት ላይ «ይህ ታሪክ በእገሌ ውኃ የተዘጋጀ ነው» ብለሽ ጻፊ። ማን ይቀርብሻል?

ልጅቱ፦ ለዛው ይጠፋል የሚሉ አሉ። የባትማን ፊልም ለመውጣት ሲዘጋጅ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ተጫዋቾች አሜሪካ ውስጥ ወደተለያዩ ኬክ ቤቶች ተላኩ። የሰጧቸው ስም ሲጠሩት «ባንክ ዝረፍ» እንደማለት ነው። ኬክ ይሰጣቸዋል፤ ኬኩ ላይ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ሲደውሉ ኬኩ ራሱ ይጮኻል! ውስጡ ስልክ ተቀብሮበታል። ይኼን ስፖንሰሩን ጽፈው ቢያቀርቡት...

ደራሲው፦ ኬኩ መጮኹን ያቆማል? የባትማን ፊልም መሆኑን የማያውቅ ሰው እኮ እዚያ አልሄደም። አየሽ፣ ደስታው ከመታለል አልመጣም።

ልጅቱ፦ እዚህ አዲስ አበባ ግን ኬክ ውስጥ የሚጮኽ ስልክ... ካፌው ራሱ ፖሊስ ይጠራል።

ደራሲው፦ ይጥራ እንጂ፣ ልክ ነው። ቦስተንም ጠርቷል። ጥር 2007 እ.ኤ.አ. ለአንድ የካርቱን ፊልም ማስተዋወቂያ ብልጭ ድርግም የሚሉ ሰሌዳዎች ድልድይ ሥር ሰቅለው፣ ቦምብ ነው ተብሎ ከተማው ቆመ። 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ነው የተገላገሉት። እዚህ ምሰሶ ላይ ምንም የማይታወቅ ዕቃ እንዳትሰቅዪ።

ልጅቱ፦ ስልክ መደወልም አልችልም። በማይታወቅ ቁጥር ተደውሎ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ሲባል ያልሰለቸ ማን አለ? ወዲያው «ሌባ!» ብሎ ይዘጋዋል። በአሜሪካ የሠራው ነገር ሁሉ እዚህ አጭበርባሪ ቀድሞ ይዞታል።

ደራሲው፦ እንግዲያው አትደውዪ። እነሱ ይደውሉ። ሚስኮል ያድርጉ፤ ሳንቲም አያስወጣም፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቅበታል። ለሰላምታ አንድ፣ ለ«ደርሻለሁ» ሁለት። ሚስኮል ያደረገ ሰው ፈልጎ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ብትደውዪለት አጭበርባሪ አይልሽም።

ልጅቱ፦ ይኼን ጻፍኩት። ታሪኩስ? አፋልጉኙን ከቀደድኩት ባዶ እጄን ቀረሁ።

ደራሲው፦ የት ነው የተቀመጥነው? ኮንዶሚኒየም። ምንድን ነው የምትሸጪው? ውኃ። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ስለ ውኃ ምን ያውቃል?

ልጅቱ፦ በፈረቃ እንደሚመጣ። ሌሊት እንደሚመጣ። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ታች ካለው ጎረቤት ጋር እንደሚያጣላ።

ደራሲው፦ አንዲት ሴት አለች እንበል። ሌሊት በስምንት ሰዓት ትነሣለች፤ ቧንቧው ሲተነፍስ ትሰማለች። ውኃ የመጣበትን ሰዓት በደብተር መጻፍ ከጀመረች ቆይታለች፤ የእሷን ብሎክ፣ ከዚያም የጎረቤት ብሎክ። ለምን እንደምትጽፍ አትናገርም። ደብተሩ ውስጥ ክፍት ቦታ አለ፤ እሷ የማታውቃቸው ብሎኮች። ያንን የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ብቻ ነው። ምስጢሩን ፈልስፈሽ አትደብቂም፤ ሰፈሩ ይዞታል። ሰው ሚስኮል ያደርጋል፤ ስትደውልለት «የእኛ ጋ በሰባት ተኩል መጣ» ይላታል፤ እሷ በማግስቱ በድምፅ ታነበዋለች፣ ስለ ሰባት ተኩሉ ሰውም ታስባለች። አንዱ ቀልድ ይልካል፤ አንዷ ደግሞ ለአራስ ልጇ መታጠቢያ ስታጣ ማን ጄሪካን እንደሰጣት ትነግራለች። በሁለተኛው ሳምንት ሴትየዋን የሚጠብቃት ሰው መኖሩን፣ ደብተሩን ለማን እንደምትጽፍ እየቆነጠርሽ ትሰጫለሽ።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ደንበኛው ያብዳል! ውኃ የሚሸጥ ሰው «ቧንቧ ደርቋል» የሚል ታሪክ ይከፍልበታል?

ደራሲው፦ እንዳይደብቀው ነዋ። ሰሚት ውስጥ የታሸገ ውኃ ለምን እንደሚሸጥ የማያውቅ አለ? ዝም ብሎ የተራራ ምንጭ ቢያሳያቸው ይስቁበታል።

ልጅቱ፦ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት እንደወቀሰ ይቆጠርበታል ብሎ ይፈራል።

ደራሲው፦ ሴትየዋ ማንንም አትወቅስም። ሰዓት ነው የምትጽፈው።

ልጅቱ፦ ከሰዓቱ በላይ ምን ወቀሳ አለ? ...እሺ፣ የሚቀበለው ቢገኝ እንኳን ሌላ ነገር አለ። ማን ያነሳዋል? በሌሊት ስምንት ሰዓት ሚስኮል ሲመጣ ማሽን አይመልስም። ሴትየዋን የምትሆን ተዋናይት ያስፈልገኛል፤ የመጣውን ሁሉ የሚያነብ፣ እሷ ነገ የምትለውን የሚጽፍ ያስፈልገኛል። የደንበኛው በጀት ላይ ያለው አንድ የቻናል አድሚን ነው። እሱም በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ደራሲው፦ ቢልቦርድ የለም አላልሽኝም? የቢልቦርዱ ገንዘብ የት ሄደ?

ልጅቱ፦ ሽልማት ውስጥ ገብቷል። መኪና ሊያስሸልሙ ነው።

ደራሲው፦ ለአንድ ሰው መኪና። ለሦስት ሳምንት ሌሊት አራት ሰው አስቀምጪበት፤ በየሌሊቱ ለደወለው ሁሉ ይመልሱ።

ልጅቱ፦ ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅስ? መደወል ያልተወ ሰው ቢኖር?

ደራሲው፦ ሴትየዋ ትሰናበታቸዋለች፤ በስማቸው። የስንብቱን ክፍል መጀመሪያ ጻፊው፤ ደንበኛሽ ሳይፈርም አሳዪው። እሱን የማይከፍል ከሆነ ቀሪውን አትጀምሪለት።

ልጅቱ፦ እርስዎ ይጻፉታ።

ደራሲው፦ ስንት ይከፍላል?

ልጅቱ፦ መኪናውን ካስተውኩት፣ እንደራደራለን።